ሊቀ ቱቦ ባዩና ባዶው ስንዝር

በዚህች አገር ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ አንድ ሰው ተመድቦለታል። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ከዝናቡ ወደ ቤት እንሮጣለን፤ እሱ ከቤት ወደ ዝናቡ ይወጣል። እኛ "መቼ ይሆን የሚያባራው?" ስንል እሱ "ስንት ሴንቲ ደረሰ?" ይላል። አንድ ነገር የጠየቁት እንደሆነ መልስ አይነፍግም፤ ብቻ መልሱን ለመስማት ዕድሜና ጤና ያስፈልጋል። ቆሼ ብትወርዱ አለ፣ ጥያ ብትሻገሩ አለ፤ ስሙና ኮፍያው ነው የሚለያየው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ከተማ ካለ ደግሞ ከጎረቤት ይወስዳል። ቡታጅራን የገጠማት ይኸው ነው።

የቡታጅራው ባዩ ይባላል። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ የጎርፍ ማስወገጃ ባለሙያ ነው፤ በሰፈሩ አፍ ግን ሊቀ ቱቦ ባዩ ነው። ማዕረጉን ያወጣችለት እትዬ ፈትሂያ ናት። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን ሲያይ ትከሻው ጎብጧል። ሲያናግሩት ዓይኑ ከሰው ላይ ቀስ ብሎ ይነሳና ወደ ዘቢዳር ተራራ ይሄዳል፤ እዚያ ጉሙ ውስጥ ትንሽ ይቆያል፤ ሲመለስ ከተባለው ግማሹን ረስቶታል። ከዚያ አንዲት ቃል አለችው፤ "ቆይ ላስላው።" ይህች ቃል ፈትሂያን ስንት ጊዜ እንዳሳረረቻት አንድ አላህ ነው የሚያውቀው።

ፈትሂያ የበርበሬ ነጋዴ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የማረቆን በርበሬ ደረቅ ደረቁን ትሰበስብና በኬሻ አድርጋ ታስቀምጣለች። ሐምሌና ነሐሴ ሰው ሁሉ በርበሬ ሲያጣ መጋዘኗን ትከፍታለች። ከድሮ የሚባለው ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ነው። ክፋቱ ምንድን ነው፣ መጋዘኑ ያለው ከመንገዱ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። የሰፈሩ ጎርፍ በሙሉ በአንድ የሲሚንቶ ቱቦ ተሰብስቦ፣ በመጋዘኗ ደጃፍ ባለው ባለክዳን ጉድጓድ፣ በማንሆሉ ሥር አልፎ ወደ ወንዝ ይገባል። ያ ቱቦ አንድ ቀን ሞልቶ በማንሆሉ ከገነፈለ በርበሬው አለቀለት። ውሃ የነካው በርበሬ ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ ደግሞ በነፃም የሚወስደው የለም።

እንግዲህ በግንቦት ወር ከወልቂጤ ደብዳቤ መጣ። ባዩን እንፈልገዋለን ይላል። ሐሙስ ዕለት አቶ ኢዮብ የሚባል ሰው ይመጣል፣ አብረውት የሠሩ ነዋሪዎችን ያነጋግራል ይላል። የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ ተሰበሰበና ቃል የምትሰጠው ፈትሂያ ትሁን አለ፤ ምክንያቱም ባዩን ከሁሉ አብልጣ የምትሰድበው እሷ ናት። ፈትሂያ ግን በልቧ የወሰነችው ወዲያው ነበር። ባዩ መሄድ የለበትም። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሐጂ ሰይዶ በዚያ ቱቦ ውስጥ ሌላ ጎርፍ ጨምሮ ለማስገባት መወትወት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በከተማው ውስጥ ሐጂ ሰይዶን "አይሆንም" ብሎ የረታ ደግሞ ከባዩ በቀር የለም። እሱ ከሄደ በርበሬዋን የሚጠብቅላት ማነው? እንዲቀር ለማድረግ የታያት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የወልቂጤው ሰው ፊት ጉዱን ዘርግፋ፣ "ይሄንን ምን ልናደርገው ነው?" አሰኝታ መመለስ። ጉድ እንደሆነ አይጠፋም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትወጣ ዝናብም ሳይጥል፣ አየሩ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲል፣ ፈትሂያ መጋዘኗ በር ላይ ተቀምጣ የባዩን ጥፋት በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

የመጀመሪያው የሐጂ ሰይዶ ልጅ ሠርግ ነው። ሐጂ በታኅሣሥ ልጁን ሲድር ሜዳው ላይ ትልቅ ዳስ ጣለና ለወግ ያህል ባዩን ጠየቀው፤ "ድንገት ቢዘንብ ውሃ ይገባ ይሆን?"

"ቆይ ላስላው" አለ ባዩ።

ሠርጉ ተሠረገ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ ሙሽራዋ አረገዘች። በየካቲት አጋማሽ ሐጂ ሰይዶ ሱቁ ተቀምጦ ሲያዛጋ ባዩ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዞ ከች አለ። "ሐጂ፣ አይገባም።" "ምኑ?" "ውሃው።" ሐጂ ሰይዶ "ጀዛከላህ" ብሎ ሸኘው። ባዩም ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተንፍሶ ወጣ።

ሁለተኛው የአረፋ ዕለት የሠራው ነው። "እንኳን አደረሰዎት" ሊላት መጣ። ፈትሂያ ደስ ብሏት ሻይ አስቀረበችና፣ እንግዳ የሚከበረው ብርጭቆ ሲሞላለት ነውና፣ እስከ አፉ ልትሞላለት ስትል ባዩ መዳፉን ጣል አደረገበት።

"አይሙላ፣ እትዬ።"

"ምነው ልጄ? ቤቴ ምን ጎደለው?"

"ከላይ ትንሽ ባዶ ይቅርለት።"

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሻዩ ብርጭቆው ላይ የሠራውን መስመር ያይ ጀመር። ቤት የሞላው ሴት ሁሉ "ፀጉር አገኘበት እንዴ?" ብሎ ተሳቀቀ። ሻዩ በረደ። ባዩ ሳይጠጣው አመስግኖ ሄደ።

ሦስተኛው የቸሃው ነው፤ ይሄ እንኳ ያሳዝናል። እናቱ ቸሃ ውስጥ ጨዋ ልጅ አግኝታለት "ሂድና እያት" ብላ ላከችው። ሁለት ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ፈትሂያ መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

"እህ? እንዴት ናት?"

"እትዬ፣ እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ፈትሂያ እልል ልትል ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ጀፎረው!" አለ ባዩ። "የመንደራቸው የሣር ጎዳና! ከመሀል እምብዛም በማይታወቅ መንገድ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዝቅ ይላል። ዝናቡ ሲያባራ መሀሉን በነጠላ ጫማ ይሄዱበታል። አባቶቻችን እኮ ያለ ካልኩሌተር ውሃውን እንዴት አድርገው እንደመሩት!"

"ልጅቷስ?"

የባዩ ዓይን ተነሥቶ ወደ ዘቢዳር ሄደ። ጉሙ ውስጥ ቆየ። "የቷ ልጅ?" አለ ሲመለስ። ልጅቷ ዓምና ሌላ አግብታለች፤ ባዩ ግን የጀፎረውን ሥዕል ሠርቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

እነዚህ ሁሉ ግን የጣት ቁርጥማት ናቸው። ትልቁ ጥፋቱ የቱቦው ነው።

ያንን ቱቦ ሰፈሩ ተሰባስቦ ነው ያስቀበረው። ሰው ሁሉ "ስልሳ ሴንቲ ወርድ ያለው ይበቃል" ሲል ባዩ አሻፈረኝ አለ። ሰባት ሳምንት አስልቶ "ዘጠና" አለ። አጉረመረሙ፣ ዘጠና ተቀበረ። ክረምት ገባ። በመጀመሪያው ደህና ዝናብ ኮሚቴው የማንሆሉን ክዳን አንስቶ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። ውሃው ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከሱ በላይ ጥቁር ባዶ።

ወገኖቼ፣ ነጋዴ ጉራጌ ባዶ ቦታ አይቶ ዝም አይልም። ይሄ ሕዝብ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሱቅ የሚከፍት ነው። ከደረጃ ሥር ጫማ ይሸጣል፣ ከበር ጀርባ ሰዓት ይጠግናል፣ ሚኒባስ ላይ በሁለት ሰው መሀል ክፍተት ካየ "ጠጋ በሉ!" ሳይል አያልፍም። ሐጂ ሰይዶ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ሱብሃነላህ! ግማሹ ባዶውን ይሄዳል! ይሄን የሚያህል ቦታ! የገበያውን ዲች፣ ያንን የጎርፍ ቦይ፣ አምጥተን በዚሁ እናስገባዋ!"

ከሁሉ ቀድማ "ልክ ነው! ባዶውን ለምን ይሄዳል!" ብላ የጮኸችው ማን ትመስላችኋለች? ፈትሂያ ናት። እግዜር ያሳያችሁ፤ በገዛ በርበሬዋ ላይ ጎርፍ ጎትታ ልታመጣ።

"አይሆንም" አለ ባዩ።

"ለምን?"

"ባዶው ሥራ ላይ ነው።"

ኮሚቴው ሳቀ። ሐጂ ሰይዶ ዓይኑን እየጠረገ "ባዶ ደግሞ ምን ሥራ አለው? ደመወዝ እንቁረጥለት?" አለ። ባዩ "ቆዩ ላስላው" ብሎ ሄደና በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። "ውሃው የቱቦው ሩብ ቁመት ላይ ሲደርስ፣ ቱቦው ከሚወስደው ሩቡን የሚወስድ ይመስላል። አይደለም፤ ከሰባት አንዱን ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግማሹን ይወስዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ..." ሐጂ ሰይዶ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ያንቀላፋል። "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" አለና ሐጂ ስብሰባውን ዘጋ። የገበያው ዲች በሚቀጥለው ሳምንት እንዲቆፈር ተወሰነ።

ያን ዕለት ባዩ ከስብሰባው ወጥቶ፣ ካፊያ እየመታው፣ ፈትሂያ መጋዘን ገባ። ከጥግ ላይ በእንጨት አልጋ የተጋደመ አሮጌ በርሜል ነበር፤ ከድሮ በሕይወት ሳለ ነጭ ጋዝ ይሸጥበት የነበረው ነው። ባዩ አጠገቡ ቆሞ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ የተረሳውን መለኪያ ዱላ መዘዘ። ዱላው ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ፤ አንደኛው እኩል እኩል የተከፈለና የተሰረዘ፣ ሁለተኛው ወጣ ገባ።

"ይሄን ማን ሠራው?"

"የተሰረዘውን እኔ" አለች ፈትሂያ። ሳቋ መጣ። "አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ከድሮ ዕቃ ሊገዛ መንገድ ሄደና ሱቁን ለኔ ጣለው። ዱላውን አራት እኩል ከፈልኩታ! ሩብ ላይ ሲደርስ 'ሩብ በርሜል አለ፣ ኑ' ብዬ አስወራሁ። ሰዉ ጄሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። ሳይደርሳቸው አለቀ። በጨለማ ስላሳደርኳቸው ወር ሙሉ ሲረግሙኝ ከረሙ።"

"ከዚያስ?"

"ከድሮ ሲመጣ መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። 'የተጋደመ በርሜል እኮ ከሥሩ ጠባብ ነው፣ ከሆዱ ሰፊ፣ ከጀርባው ደግሞ ጠባብ' አለኝ። ቀኑን ሙሉ በጄሪካን እየጨመረ፣ በያንዳንዱ ጄሪካን ዱላው ላይ እየጫረ ይሄንን ሠራ። ይኸው፣ ከላይና ከታች ምልክቱ ይራራቃል፣ መሀል ላይ ይቀራረባል።"

ባዩ ዱላውን ይዞ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ወደ ዘቢዳር አልሄደም፤ እሷ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ቱቦዬ ነው። ሁለቱን ጫፉን ይክፈቱትና በውስጡ ውሃ ይሂድ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቦታው እየጠበበ ነው የሚሄደው። ይባስ ብሎ ውሃው ጣሪያውን ሲጠጋ ግድግዳውንም ጣሪያውንም እየታከከ ይሄዳል፤ ይጎተታል። ጢም ብሎ የሞላ ቱቦ ትንሽ ከጎደለው ያነሰ ውሃ ነው የሚያሳልፈው።"

"የሞላው ያንሳል?"

"ያንሳል። ትልቁ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ውስጥ ስልሳ ሦስት ሴንቲ ይደርሳል። ከላዩ ሃያ ሰባት ይቀራል፤ አንድ ስንዝር ከጥቂት ጣት። ለዓይን ባዶው ወደ ሲሶ ይጠጋል። ተጨማሪ ሊወስድ የሚችለው ግን የሙሉውን ከስድስት አንዱን ብቻ ነው። የገበያው ዲች ይዞ የሚመጣው ሲሶውን ነው።"

"ታዲያ የተረፈው የት ይሄዳል?"

ባዩ ማንሆሉን አየ። ቀጥሎ ኬሻዎቹን አየ። ፈትሂያ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ያ ረቢ! በገዛ አፌ!"

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ፈትሂያ የከድሮን ዱላ ይዛ ሐጂ ሰይዶ ሱቅ ሄደች፤ የዚያን ቀን ሱቅ ውስጥ የነበሩ ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የገበያው ዲች አልተቆፈረም። ሐጂ ግን ሐሳቡን አልጣለውም፤ "እስቲ ክረምቱ ይፍረደን" አለና ተቀመጠ።

ክረምቱ በሐምሌ አጋማሽ ፈረደ። ከሰዓት በኋላ ዘቢዳር ጠፋ። ተራራው ያለበት ቦታ ነጭ ሆነ፤ ነጩ ቀስ እያለ በእንሰቱ ላይ፣ በቆርቆሮው ላይ፣ በሰዉ ድምፅ ላይ ወረደ። ከዚያ ዶፉ መጣ። ፈትሂያ መጋዘኑን ዘግታ ኬሻዎቿ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ቆርቆሮው እንዲህ ሲጮህ ሌላ ነገር አይሰማም፤ ጆሮ ሲለምደው ግን ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር። ከወለሉ በታች፣ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሰው ለራሱ ሲያንጎራጉር የሚመስል። ውሃው እየሄደ ነው። እንቅልፍና ንቃት መሀል ሆና አየችው፤ ጨለማው ውስጥ ረጅም ነገር ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጣሪያውን ሳይነካ ያልፋል፣ ያልፋል፣ አያልቅም። ከድሮም እዚያው የሆነ ቦታ በጄሪካን የሚጨምር መሰላት። ፍርሃቷ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ ደረቷ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

ስትነቃ ዝናቡ አልቆመም፤ በበሩ ክፍተት አሾለከች። ባዩ ማንሆሉ አፍ ላይ ተንበርክኳል። ውሃ ከፀጉሩ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ቱቦው ውስጥ አስገብቶ ይለካል፣ ያወጣል፣ መልሶ ይለካል።

"ስንት?" ብላ ጮኸች።

"ስልሳ ሁለት!"

ቆየ።

"ስልሳ ሦስት!"

ፈትሂያ ስልሳ አራት የሚል ድምፅ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሩብ ሰዓት ሙሉ ስልሳ ሦስት ላይ ቆመና ስልሳ አንድ ሆነ። ከኬሻዎቿ አንድ እንኳ አልረጠበም። ያን ቀን ፈትሂያ ይሄን ረጅም፣ ቀርፋፋ፣ ለሰው የማይመች ሰው ወደደችው፤ የወለደችውን ያህል ወደደችው። አፍ አውጥታ ግን አልነገረችውም። "ደጃፌ ላይ አትንጠብጥ፣ ሂድና ልብስ ቀይር" አለችው።

እነሆ ሐሙስ መጣ።

አቶ ኢዮብ ጨዋ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ "ጌታ ይባርካችሁ" ብሎ ይቀመጣል። መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ ተሰጠውና ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ሐጂ ሰይዶ ከጎኑ ሆነ። ፈትሂያ ሻሿን አስተካክላ ጀመረች።

"እውነቱን ልንገርህ፣ ቀርፋፋ ነው። አንዲት ቁጥር ለማውጣት ሰባት ሳምንት ፈጅቶበታል።"

"ሰባት ሳምንት ምን ሲያደርግ?"

"የሰፈሩን ጣሪያ አንድ በአንድ ሲለካ ነዋ! በየግቢው እየገባ፣ የትኛው መሬት ውሃ ይጠጣል፣ የትኛው አይጠጣም እያለ አፈር ሲነካካ። ሌባ መስሎት ውሻ የለቀቀበት ሰው አለ።"

ኢዮብ ጻፈ።

"ግትር ነው ደግሞ። ኮሚቴው በሙሉ በአንድ አፍ 'ባዶውን ሙላው' ብንለው አይሆንም አለ። እኚህን የሚያህሉ ሐጂ ለምነውት!"

"ለምነውትም አልተበገረም?"

"አልተበገረም ነው የምልህ!"

ኢዮብ ቀና ብሎ አያትና እንደገና ጻፈ፤ አሁን ፈጠን ብሎ።

"ጤነኛም አይደለም። ዝናብ ሲጥል ይወጣል። ሦስት ክረምት ሙሉ አንድ ዝናብ አላመለጠውም። ሁሉንም ጽፎ አስቀምጦታል።"

"ሁሉንም?" ኢዮብ ብዕሩን አቆመ። "በሰዓት በሰዓቱ?"

"በደቂቃው እንጂ!"

ሐጂ ሰይዶ በክርኑ ጎሰማት። "ፈትሂያ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ፈትሂያ የእንግዳውን ፊት አየች። ሰውየው የጠፋ በሬው እንደተገኘለት ገበሬ ፊቱ በርቷል። ከልቧ ደነገጠች። ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

"እትዬ" አለ ኢዮብ፣ "ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ እንዲህ የተመሰከረለት ሰው አላጋጠመኝም።"

"መቼ መሰከርኩለት? ከሰስኩት እንጂ!"

"ክስዎ ነው ደስ ያሰኘኝ።"

የፈትሂያ እንባ ድንገት መጣ፤ አላበሰችውም።

"ልጄ ነው፣ አትውሰዱብኝ" አለች። "እኔ አልወለድኩትም፣ ሃይማኖታችንም ለየብቻ ነው፣ ግን ልጄ ነው። ይኸው ይሄ ሁሉ በርበሬ በሱ ነው ደረቅ የሆነው። እሱ ከሄደ ማን 'አይሆንም' ይልልኛል? ሐጂን እየው፤ ነገ ጠዋት ነው ዶማ የሚያነሳው።"

ሐጂ ሰይዶ ወደ ጫማው ተመለከተ።

ኢዮብ ደብተሩን ዘጋ። "ገብቶኛል፣ እናቴ" አለ። "እኛም ጋ ከጎርፍ መንገድ ዳር የምትነግድ አንዲት ሴት አለች። ቆጮና ቡላ ነው የምትሸጠው። ዘንድሮ መንገዷ ላይ ቱቦ ሊቀበር ነው። ስንት ሴንቲ ይሁን እያልን እየተከራከርን ነው፤ የሚበዛው ሰው ትንሹ ይበቃል ይላል።"

"ልጆች አሏት?"

"አራት።"

ፈትሂያ ኬሻዎቿን አየች። ከዚያ መንገዱን አየች፤ ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ ባዩ ጎንበስ ቀና እያለ ይመጣል፤ የሆነች ጉድጓድ አይቶ ቆመ። ውሃ የገባበት ቆጮ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ማልቀሷን አቆመች።

"ውሰደው" አለች። "ብቻ ብርጭቆ ስትቀዱለት አትሙሉበት።"

ባዩ በሰኔ መግቢያ ሄደ። ባለቁጥሩን ዘንግ ለሷ ትቶላት ነው የሄደው። ሐጂ ሰይዶም ሳምንት አልቆየም፤ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲህ ያ ባዶ ቦታ..." ሲል ጀመረ። "አይሆንም" አለች ፈትሂያ። "በምን ማስረጃ?" አለ። አዲሱ ባለሙያ ገና አልተመደበም። ፈትሂያ ቁጥር አልነበራትም። "እስክለካው ጠብቅ" አለችው።

ስለዚህ ሐምሌ ላይ ዘቢዳር ሲጠፋ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ በረንዳው ሲሮጥ፣ እትዬ ፈትሂያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ዶፉ ወጣች። ማንሆሉ አፍ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ዘንጉን አስገባች። ውሃው ከታች እያንጎራጎረ ያልፋል። አወጣችው፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠች፣ መልሳ አስገባች፤ አንዴ ብቻ መለካት አላስተማመናትም። ሐጂ ሰይዶ ከሱቁ በር "አንቺ ሴትዮ፣ በአላህ ግቢ! ብርድ ይገልሻል!" እያለ ይጮሃል። አልሰማችውም። ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበርና አውጥታ ወልቂጤ ደወለች።

"ባዩ፣ ስልሳ አንድ ላይ ነው። ቆሟል።"

"እሰይ!" አለ ባዩ። ከሱ በኩልም ዝናብ ይሰማል። "እዚህ ገና ቱቦው አልተቀበረም፣ እትዬ። እየለካሁ ነው። ሴትየዋን ግን ዕቃዋን ወደ ላይ እንድታወጣ ረዳኋት።"

"ሳይረጥብ ተረፈላት?"

"ተርፏል።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ስልኩን አልዘጉትም፤ እሷ የወልቂጤን ዝናብ፣ እሱ የቡታጅራን እየሰማ ትንሽ ቆዩ። ፈትሂያ ሦስት ዓመት ሙሉ በስድብ ስታልፈው የኖረችውን ነገር ያኔ አፏ አልያዘውም።

"ናፍቀኸኛል፣ ልጄ" አለችው።

"እኔም፣ እትዬ" አለ ባዩ።